ሽማግሌ ያጣው ድራማ

ፈቲሀ ጎመን እየከተፈች ሳለ የባሏን ድምፅ ከውስጠኛው ክፍል ሰማች። «ስማ አንተ በግ!» ይላል ድምፁ። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ቧንቧ ከፍቶ መሄድ የጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም በለው። እህህ! በለው!» ቢላዋው በእጇ እንዳለ ቀረ። ድምፁ የሙስተፋ ነው፤ ንግግሩን ሁሉ በጉሮሮ ጥረጋ መዝጋቱም የሙስተፋ ነው። ሙስተፋ ግን ሱብሒ ሰግዶ፣ ሻዩን ፉት ብሎ ወደ በርበሬ መደብሩ ከሄደ ቆይቷል፤ የግቢውን በር ከኋላው የዘጋችው ራሷ ናት። ሰውዬው ወጥቶ ድምፁን ቤት ረስቶት ሄደ እንዴ? እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጋረጃውን ገለጥ ብታደርግ፣ ልጇ አሚኔ የአባቷን ቡናማ ኮት ለብሳ፣ ኮፍያውን ከሂጃቧ በላይ ደፍታ፣ አልጋ ላይ በተቀመጠ ትራስ ላይ ጣቷን ቀስራ ቆማለች።

«አንቺ! ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ውይ እማ፣ አስደነገጥሽኝ! ልምምድ ላይ ነኝ። ዛሬ የወላጆች ቀን አይደል? ድራማ አለን።»

«ትራሱስ?»

«በጉ ነዋ።» አሚኔ ኮፍያውን አውልቃ እናቷን በጎን አየቻት። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ድምፄ መሰለ?»

ፈቲሀ ትራሱን አንሥታ ወደ ቦታው መለሰች። መሰለ ማለት ከልጅ ጋር ማበር ነው፤ አልመሰለም ማለት ደግሞ ውሸት ነው። አሚኔ ኮቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ለአባዬ እንዳትነግሪው። ግን ይምጣ፤ ከፊት ይቀመጥልኝ» ብላ ሄደች። ፈቲሀ ከጎመኗ ጋር ብቻዋን ቀረች፤ ጎመኑም ከዚያ በኋላ እንደ ወጉ አልተከተፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢው አንድ ነው፤ በሩም አንድ ነው። ቤቶቹ ግን ሁለት ናቸው፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በአንደኛው ሙስተፋ፣ በሌላኛው ታናሽ ወንድሙ ሙባሪክ ይኖራል። መሀል ላይ የጋራ ቧንቧ አለ፤ ከቧንቧው አጠገብ የጋራ በግ ታስሯል። ወንድማማቾቹ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አይነጋገሩም። የሚባባሉት ግን አላጡም፤ የሚባባሉትን ለበጉ ይነግሩታል። ሙስተፋ፣ «በግ፣ የመብራት ሰዎች ነገ ይመጣሉ በለው» ይላል። ሙባሪክ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «በግ፣ እኔም ሰምቻለሁ በለው» ይላል። በጉ ያመሰኳል። በዚሁ ዘዴ ጣራ አስጠግነዋል፣ የዘመድ ሠርግ ተጠራርተዋል፣ አንዴም በቆርቆሮ ዋጋ ላይ በጉን መሀል አቁመው ሲከራከሩ አምሽተዋል። በአጥር በኩል የሚያልፍ እንግዳ ሰው፣ እነዚህ ሰዎች ከብታቸውን እንዴት ይወዳሉ ብሎ ያደንቃል። በጉ የተገዛው ለዓረፋ ነበር። ሁለት ዓረፋ አለፈ፤ አልታረደም። ጎረቤት ሲቀልድ፣ «ምን ያርዱታል፣ ስልካቸው እኮ ነው!» ይላል።

የሚገርመው ደግሞ ሙስተፋ በሰፈሩ አንደኛ አስታራቂ መሆኑ ነው። ባልና ሚስት ተኮራረፉ፣ ሸሪኮች ተካሰሱ፣ የመስቃን ገበሬ ከደላላ ጋር ተያያዘ ሲባል፣ «ሙስተፋ ይጠራ» ነው። ነገር ሲያበጥር እንክርዳዱ ብቻውን ይቀራል፤ ሲገሥጽ የተገሠጸው ሰው ያመሰግናል። ታዲያ ሁሉ ነገር አልቆ ዱዓ ወደሚደረግበት ሲደርስ፣ ሙስተፋ ሁልጊዜ ከጎኑ ወዳለው ሽማግሌ ዞሮ፣ «እርስዎ ያድርጉልን» ይላል። በሰፈራቸው ሽምግልና ወጉ የታወቀ ነው፦ ዱዓውን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «በሆዴ የያዝኩት ሰው የለም» ይላል፤ ከዚያ ነው መዳፍ የሚዘረጋው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ቂም ይዞ የተደረገ ዱዓ ዞሮ በራስ ቤት ላይ ይወርዳል ይላሉ። ሰው የሙስተፋን ነገር አይቶ፣ «ትሕትናው!» ይላል። ፈቲሀ ግን ካልሲውን የምታጥብ ሴት ናት፤ የባሏን ትሕትና ልክ ታውቀዋለች። ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም።

ጎመኑን ትታ ግቢውን ተሻገረች። ናጃህ፣ የሙባሪክ ሚስት፣ ሳሎኗ ውስጥ ጆንያ አንጥፋ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ አልተነሣለትም፤ ሰው ሲቀመጥበት ይንጫጫል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ሁልጊዜ ምንጣፍ ላይ ነው የሚጫወቱት። ፈቲሀ ቁጭ ብላ አንድ እፍኝ በርበሬ ወደ ራሷ ሳበችና መቀንጠስ ጀመረች። ስለ በርበሬ መወደድ አወሩ፤ ዘንድሮ በርበሬ የሚበላው ሀብታም ብቻ ነው ተባባሉ። ስለ ዘይት አወሩ። ስለ ናጃህ ጉልበት አወሩ።  የዙሪያ ወሬው ሲያልቅ ናጃህ ቀድማ ፈነዳች።

«ሙባሪክ ጠዋት ከዘራዬ ጠፋ ብሎ ቤቱን ሲያምሰው ነበር።»

«ማን ወሰደው?»

«ያንቺ ልጅ ነቻ! ትናንት መጥታ፣ አክስቴ ለድራማ ነው አለችኝ።»

«አንቺስ ዝም ብለሽ ሰጠሻት?»

«ምን ላድርግ፣ ምን ልታደርግበት ነው እያልኩ እያሰብኩ ሰጠኋት።»

«ከኛ ቤት ኮት ወስዳለች» አለች ፈቲሀ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ተያዩ። ኮት ከዚያኛው ቤት፣ ከዘራ ከዚህኛው ቤት። ናጃህ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ከዚያ በበርበሬ እጇ አፏን መያዟ ትዝ ሲላት አስነጠሳት፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንዳቸውም ቀና አላሉም። ናጃህ አንድ ዛላ በርበሬ በጣቶቿ እያዟዟረች፣ «ሙባሪክንም ጠርታዋለች» አለች። «አጎቴ ካልመጣህ አላናግርህም አለችው። እሱ እንኳን ለኩርፊያ አዲስ አይደለም፤ ግን እሺ አላት።»

«ሰው ፊት ካሳቀችባቸው ምን ይውጠናል?»

«እኔ እንጃ። ብሎኬቱን አይተሻል አይደል፣ በሩ ጋ የተራገፈውን? ሙባሪክ ግንበኛውን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥሮታል። ግቢውን ከቧንቧው ጀምሮ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ በግንብ ይከፍለዋል፤ በር በጓሮ በኩል ያወጣል። እስከ ዛሬስ ስለ ቧንቧም ቢሆን ያወራሉ። ግንቡ ካለቀ በጉንስ በየት በኩል ያዩታል?» ናጃህ በርበሬውን ጆንያው ላይ ጣለችና፣ «የሚያወሩትም ቢሆን ስለ ቧንቧ ብቻ ነው» አለች። «የሆዳቸውን በጉም አይነገረውም።»

ፈቲሀ ከዚያ ስትወጣ ቁርጥ ሐሳብ ይዛ ነበር። ሙስተፋ ዛሬ ትምህርት ቤት መሄድ የለበትም። ሕዝብ ከሳቀበት ለሰው ሽምግልና አይቀመጥም፤ ሽምግልና ካልተቀመጠ ደግሞ ቤት ይውላል፤ ቤት የዋለ ሙስተፋ ግንቡን ራሱ ብሎኬት እያቀበለ ያስጨርሰዋል። ነጠላዋን ተከናንባ አስፋልቱን ተሻገረች፤ ከባጃጅና ከጋሪ መሀል እየተሽሎከሎከች ወደ መደብሩ ወረደች። የዘቢዳር ተራራ ራሱን በደመና ጠቅልሏል። ሙስተፋ በጆንያዎቹ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሻጭና ደላላ በግራና በቀኝ አስቀምጦ ያስማማል። ሲያያት ደንገጥ አለ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እንዲያው ለዛሬው ነገር...»

«ለትምህርት ቤቱ? አይ፣ ይኸውልሽ፣ ዛሬ ገበያው ደርቷል፤ አንቺው ሂጂልኝ» አለ ራሱ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላት። አንድ «እሺ» ብቻ ይበቃ ነበር። ፈቲሀም እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን የዚያ የትራስ ነገር፣ የዚያ ኮትና ከዘራ ነገር ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዋ ሥር እንደ ትንኝ ሲዞር ውሏል፤ ልጅቱ ምን አይታ፣ ምን ሰምታ፣ እንዴት አድርጋ እንደምትጨርሰው ካላየች ዛሬ እንቅልፍ አይወስዳትም። እሱ በሌለበት ማየትስ ምን ጣዕም አለው? «ልጅህ ከፊት ይቀመጥልኝ ብላለች» ስትል ራሷን ሰማችው።

«ከፊት?» ሙስተፋ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱን ለመደበቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከፊት ካለች እንግዲህ... ኮቴን አይተሻል?»

«አጥቤዋለሁ።»

«ኮት ይታጠባል እንዴ?»

«ዘንድሮ ይታጠባል» ብላ ወጣች። ልታስቀረው ሄዳ አስነሥታው ተመለሰች። ሰው በገዛ ምላሱ እንዲህ ሲከዳ እስከ ዛሬ የምትስቀው በሌሎች ነበር።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ከእድር በተዋሱት ወንበሮች ተሞልቷል፤ አዳራሹ ስለማይበቃ መድረኩ ሜዳ ላይ፣ በድንኳን ጥላ ሥር ነው የተሠራው። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ማይክሮፎኑን እፍ፣ እፍ እያደረጉ ይሞክራሉ፤ ስፒከሩ እየጮኸ ሰዉን ጆሮ ያስይዛል። ፈቲሀና ናጃህ ሳምቡሳ ወደሚሸጥበት ጥግ ሲጠጉ፣ አንድ ረጅም ልጅ ከመማሪያ ክፍል ጀርባ ቆሞ ሲበላ አዩት፤ በጥጥ የተሠራ ሽበት ጢም አንደኛው ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኤልያስ አይደለህም? የአሚኔ ክፍል?»

«ነኝ፣ እትዬ። ሽማግሌው እኔ ነኝ» አለ ልጁ አፉን እየጠረገ።

«ሽማግሌ ሳምቡሳ ሲያጋብስ አሁን አየን» አለችው ናጃህ።

«ሃያ ብር ገባ እኮ አንዱ፤ ሽማግሌ ካልሆነ ማን ይገዛዋል?» ልጁ ሳቀ፤ ጤናው ከፊቱ ይፈስሳል። ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ጢሙን ኪሱ ከቶ በጓሮ በኩል ወጥቶ ሄደ። ፈቲሀ ወዴት ነው የሚሄደው ብላ በዓይኗ ሸኘችው። የድንኳኑ አቅጣጫ በሌላ በኩል ነበር።

ሙስተፋ ያለ ኮት፣ በጃኬቱ ብቻ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ተቀመጠ። ሙባሪክ ደግሞ ከሁሉም በኋላ መጥቶ፣ ወንበር ሞልቶ ሳይሆን መቀመጥ እጅ መስጠት መስሎት፣ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተደግፎ ቆመ። እጁ ከዘራ ለምዶ ባዶ ሲሆንበት አንዴ ኪሱ ያስገባዋል፣ አንዴ ያወጣዋል። ርእሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩ ረጅም ነበር፤ ሕፃናት አለቀሱ። መዝሙር ተዘመረ። የጂምናስቲክ ልጆች ተገለባበጡ፤ አንደኛው ሲገለበጥ ጫማው ወልቆ የወረዳ ባለሥልጣኑ ጭን ላይ አረፈ፤ ትልቁ ጭብጨባ ለእሱ ሆነ። ከዚያ የድራማ ክበቡ ኃላፊ መምህርት ሕይወት ወጥታ፣ «አሁን ተማሪዎቻችን ራሳቸው የደረሱትን ድራማ ያቀርባሉ» ስትል ፈቲሀ የናጃህን እጅ ያዘች። የሁለቱም መዳፍ አሁንም በርበሬ በርበሬ ይላል።

ድራማው ሲከፈት ራምዚ የተባለ ወፍራም ልጅ አጎዛ ለብሶ፣ በአራት እግሩ እየሄደ፣ ባዶ ባልዲ አጠገብ ታሰረ። ከቀኝ አሚኔ በቡናማው ኮት ወጣች፤ ከግራ ሀሊሜ የተባለች ጓደኛዋ ከዘራ ይዛ ወጣች። «ስማ አንተ በግ! ለዚያ ሰውዬ ንገረው!» አለች አሚኔ። ሕዝቡ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ሳቀ። «በግ!» አለች ሀሊሜ ከዘራውን መሬት ላይ ጠቅ አድርጋ፣ ልክ ሙባሪክ እንደሚያደርገው፤ «ጆሮዬ ደህና ነው በለው! ጩኸቱን ይቀንስ በለው!» በጉ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይዞራል፤ መልእክቱ ሲበዛበት ይንተባተባል፤ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ በሁለት እግሩ ቆመና፣ «ኧረ በቃኝ! ወይ እረዱኝ ወይ እናንተው ተነጋገሩ!» ብሎ አጎዛውን ጥሎ ሮጠ። ድንኳኑ ተናወጠ። ሴቶች ነጠላ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን መቱ።

ፈቲሀ መድረኩን ትታ የባሏን ጀርባ ነበር የምታየው። መጀመሪያ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ ለአንዱ ሽማግሌ፣ «አይ እነዚህ ሰዎች!» ሲለው ሰማችው። የሌላ ሰው ታሪክ ነው ብሎ እየሳቀ ነው! ቀጥሎ አሚኔ ጉሮሮዋን ጠረገች። ያን ጊዜ ትከሻው ቆመ። ራሱን ቀስ አድርጎ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ሰው የሚያውቀውን ዕቃ በሌላ ሰው እጅ ሲያይ እንደሚያደርገው። ኮቱን አየው። ፈቲሀ ወደ ኋላ ዞራ ምሰሶውን አየች፤ ሙባሪክም ሳቁን ፊቱ ላይ ረስቶት፣ ዓይኑን ከዘራው ላይ ተክሏል። አሁን አንዱ ይነሣል፣ ይወጣል አለች በልቧ። ግን ማንም አልወጣም። ተነሥቶ መውጣት እኔ ነኝ ብሎ መናገር ነው።

መምህርት ሕይወት ማይክሮፎን ይዛ ፈጠን ብላ ወጣች። ፊቷ ላይ ላብ አለ። «ይቅርታ ወላጆቻችን፤ ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተውን ተማሪያችንን ድንገት አሞት ወደ ቤቱ ሄዷል ተብያለሁ። የቀረችን አንድ የዕርቅ ትርኢት ናት። ከተቻለ ከወላጆች መሀል አንድ አባት ቢተባበሩን...» ፈቲሀ ሳምቡሳውን የሚያጋብሰውን ልጅ አስታወሰች፤ ከዚያ መድረክ ላይ በኮቱ ውስጥ ወደ ጫማዋ ጫፍ የምታየውን ልጇን አየች። ልጁን ማን እንደሸኘው ገባት። ናጃህ በጆሮዋ፣ «አሟል? የቱ ነው የታመመው?» አለቻት። ለመመለስ ጊዜ አልነበረም፤ ከየአቅጣጫው፣ «ሙስተፋ! ሙስተፋ ይውጣ! ሽማግሌ ከተባለ ከሱ ወዲያ ማን አለ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ከጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ብብቱን ይዘው አነሡት። እምቢ ለማለት አፉን ሲከፍት ጭብጨባው ዋጠው።

በርጩማ ተሰጠው። ሁለቱ ተጣዪዎች በግራና በቀኝ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ሙስተፋ ብድግ ብሎ ሊሄድ ቃጣው። ግን አስታራቂ መሆን እንደ ዋና ነው፤ ውኃ ውስጥ የገባ እጅ ራሱ ይቀዝፋል። «ልጆቼ» አለ። «ሁለት ዓይን አንድ ፊት ላይ ተቀምጦ አንዱ አንዱን አያየውም። ግን አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ደርቆ አያውቅም።» ድንኳኑ፣ «እውነት ነው!» አለ። «አጥር የሚታጠረው ለጅብ ነው። ለወንድሙ አጥር የሚያጥር ሰው ጅቡን ከውስጥ አስቀርቶ ነው የሚዘጋው።» «ማሻአላህ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ቃሉ ከቃል እየወለደ ሄደ፤ ፈቲሀ እንኳን የሚናገረው ባሏ መሆኑን ረስታ አንገቷን ትነቀንቅ ነበር። አንዳንዱን ነገር ሲናገር ድምፁ ከራሱ ጋር የሚነጋገር ይመስል ነበር። ሲጨርስ አሚኔ በኮቱ ውስጥ ቀና አለችና፣ በራሷ ድምፅ፣ «ተቀብለናል፣ አባታችን። ዱዓ አድርጉልን» አለች።

ሙስተፋ እንደ ልማዱ ወደ ቀኙ ዞረ። ማንም የለም። ወደ ግራው ዞረ። ማንም የለም። መድረኩ ላይ ሽማግሌ እሱ ብቻ ነው። ሕዝቡ በበኩሉ ለምዶበታል፤ ዱዓ ሲባል መዳፉን ዘረጋ። የፊቶቹ ሽማግሌዎች ዘረጉ፤ የወረዳው ባለሥልጣን ዘረጋ፤ ጴንጤዋ መምህርት ሕይወት እንኳን ማይክሮፎኑን ብብቷ ሥር አድርጋ ሳታውቀው መዳፏን ከፍታለች። ያ ሁሉ መዳፍ ባዶውን ወደ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ሙስተፋ እጁን ወደ ደረቱ ወሰደ። እጁ ግን ደረቱ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆመ። አወረደው። ደግሞ አነሣው። ከኋላ አንድ ሕፃን፣ «ምን ሆኑ?» አለ፤ እናቱ ዝም አሰኘችው። ፈቲሀ በልቧ፣ «በላት» አለች። አንዲት ቃል ናት፤ በዚያ ላይ ጨዋታ ነው፤ ብሏት ቢወርድ ማን ይከሰዋል? ሁሉም ሰው አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሙስተፋም ተከብሮ ይኖራል፣ ግንበኛውም ይመጣል።

«አላደርግም» አለ ሙስተፋ። ማይክሮፎኑ ቅርብ ስለነበር ድምፁ ግቢውን ሞላው። «እኔ ዱዓ ማድረግ አይገባኝም። በሆዴ የያዝኩት ሰው አለ።»

ግማሹ ሕዝብ የድራማው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ጭብጨባው መሀል ላይ አፈረና ቆመ። አሚኔ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን አላሰበችበትም ነበር። አባቷ «የያዝኩት ሰው የለም» እንደሚል፣ ብሎም በቃሉ እንደሚታሰር ነበር ያሰበችው። የኮቱን እጅጌ በጣቶቿ ጨብጣ ወደ እናቷ ስትዞር ፈቲሀ ከሩቅ አየቻት። ልትነሣ ስትል ከኋላዋ፣ ከምሰሶው በኩል፣ ድምፅ መጣ።

«ሙስተፋ! የልጆቹን ዝግጅት አታበላሽ! ዱዓውን አድርግላቸው!»

ናጃህ የፈቲሀን ክንድ በጥፍሯ ያዘች። ሙባሪክ ነው። የወንድሙን ስም ነው የጠራው።

«ዱዓ መጫወቻ ነው እንዴ?» አለ ሙስተፋ ከመድረኩ።

«ታዲያ ማን ውጣ አለህ?»

«ሕዝቡ ነው ያወጣኝ! አንተ ደግሞ እዚያ ቆመህ ምን አገባህ?»

ሰዉ ሳቀ። ሙባሪክ ግን ከምሰሶው ተለይቶ በወንበሮቹ መሀል መጣ፤ ሰዎች እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፉት። መድረኩ ሥር ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ድንኳኑ ግን ፀጥ ስላለ ሁሉም ሰማ። «እኔ ካላገባኝ ማንን ያገባዋል? በሆድህ የያዝከው እኔን አይደል?»

«አንተን ነው» አለ ሙስተፋ።

«እኔም አንተን ይዤሃለሁ።»

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ ማንም አያውቅም ነበር። የተዘረጉት መዳፎች አንድ በአንድ ተሰብስበው ጭን ላይ ወረዱ። መምህርት ሕይወት፣ «እ... ድራማችን እዚህ ላይ ይጠናቀቃል» አለችና የሽልማት ሥነ ሥርዓቱ እንዲቀጥል ጠየቀች። የሚኒ ሚዲያው ልጅ ግራ ቢገባው ሙዚቃ ለቀቀ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ወንድማማቾቹ ከፊት፣ አስፋልቱን ዳር ይዘው፣ እየተጨቃጨቁ ሄዱ። ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋባቸው ተለያይተው ያሳልፉትና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሴቶቹ ትንሽ ራቅ ብለው ተከተሉ፤ አሚኔ ኮቱን በክንዷ አጣጥፋ ይዛ መሀላቸው ትሄዳለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ቆመው አዩአቸው። አንዱ፣ «ዛሬ ደግሞ ተጣሉ እንዴ?» ሲል ናጃህ፣ «አዎ! አልሐምዱሊላህ!» አለችው።

«እናቴን ሳልደርስ ቀበርካት!» እያለ ነው ሙባሪክ። «እኔ ወልቂጤ ሆኜ፣ አፈሯን ሳላለብሳት!»

«ደወልኩ! ስልክህ ዝግ ነው ይላል! ሬሳ ላሳድር?»

«ስልክ ቢዘጋስ? ሰው መላክ አትችልም ነበር?»

«ልኬአለሁ! የጎረቤቱን ልጅ ሚኒባስ አሳፍሬ ልኬአለሁ! አገና ላይ መኪናው ተበላሽቶ ነው የተመለሰው! መቃብሩ አፍ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ መንገዱን እንዳየሁ እዚያ የነበረውን ሰው ጠይቅ! እስኪጨልም ቆዩ አልኳቸው፤ እምቢ አሉኝ!»

ሙባሪክ ቆመ። ከኋላው የምትመጣ ጋሪ ልትገጨው ምንም አልቀራት፤ ባለጋሪው ተሳድቦ አለፈ። «ታዲያ ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ!»

አሚኔ የእናቷን ነጠላ ሳብ አደረገች። «እማ፣ ድራማው ተበላሸ አይደል?»

«ዝም በይ» አለች ፈቲሀ እርምጃዋን እያፈጠነች፤ «ልስማበት።»